ከነልጆቻችሁ ድሬዳዋ ልትገቡ ነው? ከቤቱ በፊት ሰፈሩን ምረጡ

ወደ ድሬዳዋ የሚዛወር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከደላላ ጋር ይወጣል። ሴራሚኩ ያማረ፣ ግቢው የጸዳ ቤት ያያል። እዚያው ቀብድ ይከፍላል። ከሦስት ወር በኋላ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ቤት ፍለጋ ይወጣል። ውሃው አይመጣም፤ ሙቀቱ ሕፃኑን አላስተኛ ብሏል፤ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ የደቻቱን ወንዝ መሻገር አለበት። ከቤቱ ጋር ጸብ የለውም፣ ሰፈሩ ነው ያልሆነው።

እኔም የመጀመሪያ ቤቴን የተከራየሁት እንዲሁ ነው። ርካሽ ነበር። ለምን ርካሽ እንደሆነ የገባኝ በመጀመሪያው ከባድ የሐምሌ ዝናብ ሌሊት ነው። ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ ልጆቹን አልጋ ላይ ሰብስበን ቁጭ ብለን አነጋን። ከዚያ ወዲህ ለሚመጡ ዘመዶቼ ሁሉ ቅደም ተከተሉን እየነገርኩ ነው። እናንተም በዚሁ ተራ ሂዱ፤ ደረጃ አትዝለሉ።

1. ከመነሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ አንድ ሰው ይምጣ። ሥራ ያገኘው ወይም የተዛወረው ቀድሞ ገብቶ፣ ዘመድ ቤት ወይም ርካሽ ማረፊያ ይዞ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ዕቃ ጭኖ ከነቤተሰብ መጥቶ ቤት የሚፈልግ ሰው ይቸኩላል። የቸኮለን ሰው ደላላ ወዲያው ነው የሚያውቀው።

ወረቀቶቹን ከአሁኑ አዘጋጁ፦

- ከምትለቁት ቀበሌ ወይም ወረዳ መሸኛ ደብዳቤ
- የልጆች የትምህርት ካርድና የትምህርት ቤት መልቀቂያ
- የክትባት ካርድ
- የሁለታችሁም መታወቂያ፣ ከነኮፒው

ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ። ሥራ ቦታችሁ የት ነው? ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ናቸው፣ በምን ቋንቋ ነው የሚማሩት? ቤት ውስጥ አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሽማግሌ አለ? በወር ለኪራይ፣ ለውሃ፣ ለመብራትና ለባጃጅ በድምሩ ስንት ማውጣት ትችላላችሁ? ኪራይን ብቻ አትቁጠሩ። እዚህ ቬንትሌተርና ፍሪጅ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ የመብራት ሒሳቡ ከደጋ ከተማ እንደለመዳችሁት አይሆንም።

የምትመጡበትን ወር መምረጥ ከቻላችሁ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ይሁን። ብዙ ሰው ክረምቱን ይሸሻል። እኔ ግን በክረምት ፈልጉ እላለሁ፤ ጎርፉም ቢምቢውም ያኔ በዓይን ይታያል። ከትምህርት ቤት ምዝገባም ጋር ይገጥምላችኋል።

2. ከተማውን በእግርና በባጃጅ እወቁት

ሁለት ቀን ቤት ሳታዩ ዙሩ። ደላላ አትያዙ።

ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ነው። በአንድ ወገን ከዚራ አለ። የባቡር ጣቢያው ያረፈበት፣ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ቀፊራ ገበያ ያለው እዚያ ነው። ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ንግዱ የደራ፣ ጉርብትናው የጠበቀ ነው። ሳቢያን ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ የተስፋፋ የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን የራሱ ሆስፒታል አለው። መልካ ጀብዱ ደግሞ ከዚያም ይርቃል፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በነጻ የንግድ ቀጠናው አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይቀርበዋል።

«ለቤተሰብ የሚሆነው የቱ ነው?» ብላችሁ ሰው ስትጠይቁ ሁሉም የራሱን ሰፈር ይነግራችኋል። የድሬ ሰው ሰፈሩን ይወዳል። ስለዚህ በስም አትምረጡ። እዚያው ሰፈር ውስጥ አንዱ ቅያስ ጥሩ ሆኖ የሚቀጥለው ጎርፍ የሚገባበት ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰፈር ለይታችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

3. ጎርፉን መርምሩ

ይህን ደረጃ ያለፈ ቤት ብቻ ነው ሌላው ነገር የሚታይለት።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። አዲስ ሰው ወንዝ መሆኑንም ይረሳዋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ይኸው አሸዋ ሞልቶ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን አጣ። በሚያዝያ 2012ም ጎርፍ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ክረምቱን ብቻ ሳይሆን የበልጉንም ዝናብ ፍሩ።

ጎርፉን አደገኛ የሚያደርገው ዝናቡ የሚዘንበው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ከከተማው በላይ ያለው ደንገጎና ከዚያም ወዲያ ያለው ደጋ ላይ ይጥላል፤ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ከተማ ይገባል። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ መርምሩ፦

ሀ. ቤቱ ካለበት ቅያስ ተነስታችሁ ቁልቁል ሂዱ። የዝናብ ውሃ የሚሄድበትን ቦይ ተከተሉ። ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ይይዛል፣ ከዚያ ግቢ ይገባል።

ለ. የበሮቹን ደፍ እዩ። በሰፈሩ ውስጥ ብዙ ቤት በሩ ላይ በሲሚንቶ ከፍ ያለ ደፍ ከሠራ ያለ ምክንያት አይደለም። ግድግዳው ከታች ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባም ጠርጥሩ።

ሐ. ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ፈልጉና «በ98ቱ ጎርፍ ውሃው እስከየት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጎርፍ አለ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ኧረ የለም» ትባላላችሁ። እስከየት ስትሉ ግን እጃቸውን ዘርግተው ቦታውን ያሳዩአችኋል።

መ. መውጫውን እዩ። ሌሊት ውሃ ቢመጣ ልጅ ታቅፋችሁ ወንዙን ሳትሻገሩ ወደ ከፍታ መውጣት ትችላላችሁ? መንገዱ ወደ ወንዙ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ቤቱን ተዉት። የወንዝ ዳር ግንብ መሠራቱ ጥሩ ነው፤ ከግንቡ ሥር ያለ ቤትን ግን እኔ ለልጆች አልመርጥም።

በደቻቱ ብቻ አትቁሙ። ጎሮ ወንዝም አለ፤ በየሰፈሩ ስም የሌላቸው ትንንሽ መፋሰሻዎችም አሉ። ቤቱ በጣም ርካሽ ከሆነ ወደዚህ ደረጃ ተመለሱና እንደገና መርምሩ።

4. ውሃውን ራሳችሁ ክፈቱ

«ውሃ አለ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ቧንቧው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ ጠይቁ። አከራዩን ጠይቁ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤት ድገሙት። ሁለቱ መልስ ካልገጠመ የጎረቤቱን እመኑ።

ከዚያ ሒሳብ ሥሩ። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 200 ሊትር ነው። ውሃው በየአምስት ቀኑ የሚመጣ ከሆነ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ያስፈልጋችኋል። ግቢው ውስጥ ሮቶ ከሌለ ለማስቀመጥ ቦታ አለ? አከራዩ ይፈቅዳል? የተገዛው ሮቶ ስትወጡ የማን ይሆናል? ይህን አሁን ተነጋገሩ፤ ኋላ ያጣላል።

የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ብታዩ አትደንግጡ። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፤ ሲፈላ ቅርፊት ይተዋል። ለሕፃን ወተት የምትበጠብጡበትን ውሃ ግን አስቡበት። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ በውሃው የሟሟውን አያወጣውም። ስለዚህ ለሕፃኑ የሚሆን የታሸገ ውሃ ወጪ ውስጥ አስገቡ።

5. የተከማቸ ውሃና ትንኝ

ከደጋ የመጣ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። እዚህ በሽታ የሚያመጣው ትንኝ ረግረግ ሳይፈልግ በርሜላችሁ ውስጥ ይፈለፈላል። ትንኝ የሚያስተላልፈው የደንጌ ትኩሳት ወረርሽኝ በ2006 ድሬዳዋን መታ። በ2011 ክረምት ይኸው ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላ ትኩሳት፣ ቺኩንጉንያ፣ ቤት ለቤት ገባ። በ2014 የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባ ትንኝ እጁ እንዳለበት ታወቀ።

ቤት ስታዩ የራሳችሁን ግቢ ብቻ አትዩ። የጎረቤቱን አጥር አሻግራችሁ እዩ። ክዳን የሌለው በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ ግንባታ ላይ የቆመ የውሃ ጉድጓድ ካለ ትንኙ ለእናንተም ነው። መስኮቶቹ ወንፊት አላቸው? ከሌላቸው ለማስገጠም ፈቃድ ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ በርሜሉን በሳምንት አንድ ቀን ደፍታችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። የደንጌ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ውሃውን መቀየር ብቻ አይበቃም። ይህ ትንኝ የሚናከሰው በቀን ነው። ስለዚህ ሕፃን ቀን ሲተኛም አጎበር ሥር ይተኛ።

ልጅ ካተኮሰው፦ በዚያው ቀን አስመርምሩ። ደንጌ አለመሆኑ እስኪታወቅ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ስጡ፣ ብዙ አጠጡ። ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ካያችሁ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ለዚህም ነው ሰፈር ስትመርጡ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል በሌሊት በስንት ደቂቃ እንደምትደርሱ ማወቅ ያለባችሁ።

6. ሙቀቱን በ8 ሰዓት ለኩት

ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጠዋት ያያችሁት ቀዝቃዛ ቤት ከሰዓት በኋላ ምድጃ ሊሆን ይችላል።

ቀን 8 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ግቡና ለ15 ደቂቃ በር ዘግታችሁ ተቀመጡ። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳ በመዳፋችሁ ንኩት፤ ከጋለ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ለልጅ አይሆንም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ያሉት፣ ግቢው ውስጥ ኒም ወይም የድሬዳዋ ዛፍ ያለው ቤት ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ያዙት። የዛፍ ጥላ የሚሰጠውን ቬንትሌተር አይሰጥም።

ግቢው ሌሊት ፍራሽ አውጥቶ ለመተኛት የሚበቃ ይሁን። መብራት በጠፋ ቀን ይገባችኋል።

7. ትምህርት ቤቱንና መንገዱን

ድሬዳዋ ውስጥ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ነው። ስለዚህ «ቅርብ ትምህርት ቤት አለ?» አይበቃም። ልጃችሁ በሚማርበት ቋንቋ፣ በእሱ ክፍል ደረጃ፣ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ራሳችሁ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሂዱ። የቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት!

ከዚያ መንገዱን ልጁ በሚሄድበት ሰዓት በእግራችሁ ሂዱ። የምትቆጥሩት ሁለት ነገር ነው። ስንት ዋና መንገድ ይሻገራል? የደቻቱን አሸዋ ይረግጣል? አሸዋውን የሚረግጥ ከሆነ በድልድይ የሚሄድበትን መንገድ ፈልጉ፤ ከሌለ ሰፈሩን ቀይሩ። ቀትር ላይ በሚለቀቁበት ሰዓትም አንድ ጊዜ ሂዱት። ጥላ የሌለው ረጅም መንገድ ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው።

ባጃጅ የምትይዙላቸው ከሆነ የወር ኮንትራት ዋጋውን አሁኑኑ ጠይቁ። ሥራ ቦታችሁ መልካ ጀብዱ፣ ትምህርት ቤቱ ከዚራ ቢሆን ማን ያመላልሳል? በዚህ ነጥብ ላይ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

8. ሰፈሩን በሦስት የተለያየ ሰዓት እዩ

ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ድረስ አትፍረዱ። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል ወይም ጫቱ ላይ ነው። ሰፈሩ የሞተ ይመስላችኋል፤ ድሬ እንዲህ ናት።

የመጀመሪያው ጉብኝት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይሁን። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ዳቦ ቤቱ ሲከፈት፣ ባጃጅ ሲገኝና ሲጠፋ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ማታ 11 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ከሁሉ የምተማመነው በዚህኛው ነው። ሙቀቱ ሲበርድ ድሬ ትወጣለች። እናቶች ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ልጆች መንገዱን ይሞሉታል። ይህን ያያችሁበት ቅያስ ልጅ የሚጠብቅ ዓይን አለው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ላይ አንድም ሕፃን ከሌለ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስክታገኙ አትፈርሙ።

ሦስተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። የመንገድ መብራት አለ? ከጎን መጠጥ ቤት፣ ሙዚቃ፣ የሚበዛበት ጫት ቤት አለ? አርብና ቅዳሜ ማታ ከሆነ ይበልጥ ይታያችኋል።

ስትጠይቁ በር ላይ ለተቀመጠች እናት ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ «ልጆች ይዘን ልንገባ ነው» ብላችሁ ጀምሩ። የድሬ ሰው ግልጽ ነው፤ የሚነግራችሁን አይቀባባም። ትንሽ ትልቁን «አንተ»፣ «አንቺ» ቢል አትቀየሙ፣ ፍቅር ነው አቦ!

9. ውል

በቃል አትግቡ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ የት እንደሚመዘገብ ወረዳው ጠይቁ።

ከመፈረም በፊት የባለቤትነት ካርታው ላይ ያለው ስምና የአከራዩ መታወቂያ መግጠሙን እዩ። ወኪል ከሆነ ውክልናውን ያሳይ። የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ደረሰኝ ጠይቁ፤ የሌላ ሰው ዕዳ አትውረሱ። እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ክፍያው በባንክ ይሁን። የደላላውን ኮሚሽን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፣ እማኝ ባለበት።

10. ነገሩ ሲበላሽ

*አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀ፦* አዋጁን በትህትና አንሱ። ካልሆነ ተዉት። ገና ስትገቡ የተጣላችሁት አከራይ ሁለት ዓመት አያኖርም።

*ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ካለ፦* ይውሰደው። ቢያንስ የ8 ሰዓቱንና የ11 ሰዓት ተኩሉን ጉብኝት ሳታደርጉ ገንዘብ አትስጡ። እኔ የተጎዳሁት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

*ትምህርት ቤቱ ሞልቷል ካለ፦* ስማችሁን አስመዝግባችሁ ወደ ሁለተኛው ሰፈር ዝርዝራችሁ ሂዱ። ቤት ይዞ ትምህርት ቤት ከመለመን ይሻላል።

*ገብታችሁ ውሃው እንደተባለው ካልመጣ፦* አንድ ወር ሙሉ የመጣበትን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ያንን ይዛችሁ አከራዩን አነጋግሩ። የጋራ ቆጣሪ ከሆነ የግል እንዲገባ ጠይቁ፤ ወጪውን ከኪራይ ማቀናነስ ይቻላል፣ ግን በጽሑፍ ይሁን።

*በክረምት ውሃ ግቢ ከገባ፦* መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ከፍታ አውጡ፣ ከተቻለ የመብራት ቆጣሪውን አጥፉ። ዕቃ ለማዳን አትመለሱ። የሚወርድ ጎርፍ በእግርም በባጃጅም አይሻገርም። ደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ልጆች ከአሸዋው ይውጡ፤ ይህን ከገቡበት ቀን ጀምሮ አስተምሯቸው።

11. የመግቢያው ቀን

ጠዋት በማለዳ ግቡ፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ዕቃ ማውረድ ከባድ ነው። ሶፋውን ከማስተካከላችሁ በፊት የልጆቹን አጎበር ስቀሉ፣ ሮቶውን አጥባችሁ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቁ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር አውጥታችሁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ ቡና አፍልታችሁ በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች ጥሩ። ስልክ ቁጥራቸውን ያዙ። ሌሊት የቧንቧው ውሃ ሲመጣ ማን እንደሚቀሰቅሳችሁም እዚያው ተስማሙ።